በአታካማ የጨው ሜዳ
በሰሜን ቺሌ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋውን የአታካማን የጨው ሜዳ ከሩቅ ያየ መንገደኛ በረዶ የወረደበት ይመስለዋል። ቀረብ ሲል ሰማያዊና ቢጫ ኩሬዎች ይታዩታል። ከምድር ሥር የተሳበው ጨዋማ ውሃ ከአንድ ዓመት በላይ በፀሐይ እየተነነ፣ ለባትሪ የሚሆነው ሊቲየም የሚጠራቀመው በእነዚህ ነው።

የኩባንያዎቹ መመኪያ ይህችው ፀሐይ ናት። አሁን ግን ሊቲየሙን ብቻ በሰዓታት ለይቶ የሚያወጣ ዘዴ እየተስፋፋ ነው፤ የቺሌ መንግሥትም በ2023 እ.ኤ.አ. ይህንኑ እንደሚሻ አስታውቋል። ከዚያው ውሃ ብዙ ሊቲየም ከወጣ የኩባንያው ዋጋ ከፍ ይል ይሆናል፤ ነገር ግን ፀሐይ ያልታደለው ተወዳዳሪም ገበያ ይገባልና ብልጫው ይቀንሳል። አብዛኛው መሣሪያም ንጹሕ ውሃ ይፈልጋል።

ስለዚህ አክሲዮን ገዢ ሆይ፣ በበረሃ ትርፍ ከመቁጠርህ በፊት ውሃው ከየት እንደሚቀዳ ጠይቅ።