የአንድ ቀን መንገድ ወደ ቦዬ ጨፌ

ቡና በሚለቀምበት ወራት፣ በጅማና በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች የሚሠራ የባንክ ሠራተኛ የራሱ የሚለው ቀን የለውም። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ አጋሮ፣ ሰቃ፣ ሊሙ ገነት፣ የቡ ሁሉም ሌሊት ከቀን ይተጋሉ፤ ለቃሚው ይለቅማል፣ አጣቢው ያጥባል፣ ነጋዴው ደግሞ በራችን ሳይከፈት ተሰልፎ ይጠብቀናል። አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ወራት "አንድ ቀን ሙሉ በእግሬ ልጓዝ ነው" የሚል የባንክ ሰው ቢያጋጥምህ ወይ ከሥራ ተባሯል፣ ወይ ግጥም ይጽፋል። እኔ እስካሁን አልተባረርኩም።

ሐሳቡ ግን የእኔ ሳይሆን የአክስቴ ነው። አክስቴ በወጣትነቷ ከቦዬ ጨፌ ቄጤማ እያጨደች፣ ሐሙስ ሐሙስ ሂርማታ ገበያ እያወጣች ስትሸጥ የኖረች ሴት ናት። በዓል በመጣ ቁጥር የከተማው ወለል የሚለብሰው እሷና ጓደኞቿ በጀርባቸው ያመጡትን ነበር። ዛሬ ዓይኗን ግላኮማ ይዟታል። ሐኪሙ የጠፋው ብርሃን እንደማይመለስ፣ የቀረውን ግን በጠብታ ማቆየት እንደሚቻል ነግሯታል። ከሐኪም ቤት ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ ብዙ ዝም ካለች በኋላ፣ "ልጄ፣ ዓይኔ ሳለ ጨፌውን ልየው" አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የገቢ ደረሰኝ ጀርባ በመንገድ ዕቅድ ይሞላል።

ጨፌ የሚለውን ቃል አማርኛውና ኦሮምኛው ይጋሩታል፤ ውሃ የማይለየው ለምለም የሣር መስክ ነው። በገዳ ሥርዓት ጉባኤ ይቀመጥ የነበረው በእንዲህ ያለ መስክ ላይ ስለ ነበር፣ የኦሮሚያ ክልል ምክር ቤት ዛሬም ጨፌ ይባላል። (ለገጣሚም ቸር ቃል ነው። ከአፌ፣ ከደጃፌ፣ ከሰልፌ ጋር ቤት ይመታል፤ እኔ ግን እስካሁን ሁለት መስመር አልሞላሁበትም።) በእኛ ቅጾች ላይ ያው መስክ ሌላ ስም አለው። ቤት ያለበት ቤት፣ ቡና ያለበት ቡና፣ ባሕር ዛፍ ያለበት ባሕር ዛፍ ይባላል፤ ከዚህ የተረፈው ሁሉ "ባዶ መሬት" ነው። ስንት ጊዜ ይህን ቃል በእጄ እንደ ጻፍኩ አላውቅም። ቦዬን ባዶ ብለህ ለአክስቴ ንገራትና ታይ ነበር።

የመጀመሪያው ጥያቄ መቼ የሚለው ነው። ጅማ በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ ሌላው አገር ክረምቱን በሦስት ወር ሲጨርስ እኛ ዘንድ ከመጋቢት ጀምሮ ጥቅምት ድረስ ይዘንባል። በነሐሴ ጨፌው ሐይቅ ነው፣ ማንም አያቋርጠውም። በየካቲት ከብት ግጦት፣ ፀሐይ አጠውልጎት ታገኘዋለህ። ደጉ ወር ኅዳር ነው፤ ውሃው ሸሽቷል፣ ሣሩ ገና አልገረጣም፣ ከአውሮፓ ብርድ የሸሹ ወፎችም ገብተዋል። ኅዳር ደግሞ የቡናው ጉሮሮ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ደረሰኝ ላይ "ጥር መጨረሻ" ብዬ ጻፍኩ። አክስቴ ሰምታ፣ "ለገረጣ ሣር ምን ዓይን ያስፈልጋል?" አለች። በሁለተኛው ደረሰኝ ላይ "ከኅዳር ጽዮን በፊት ያለው እሑድ" የሚል ተጽፏል።

ሁለተኛው ጥያቄ በየት በኩል የሚለው ነው። ባለፈው እሑድ ብቻዬን ጅሬን ወጣሁ። ሁለተኛው አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን ሲገዙ ይኖሩበት የነበረው ቤተ መንግሥት እዚያ ኮረብታ ላይ ነው፤ ከተማዋን ቁልቁል ያሳያል። ሰዎች ቤተ መንግሥቱን ሲያዩ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ሜዳውን አየሁ። አዌቱ ከተማዋን ሰንጥቆ፣ የከተማዋን እድፍ ሁሉ ተሸክሞ ወደ ቦዬ ይወርዳል። ቦዬ ውሃውን ተቀብሎ ያሳድረዋል፤ አፈሩ ወደ ታች ይዘቅጣል፣ ደንገሉና ቄጤማው የሚበላውን ይበላል፣ የቀረው ወደ ግልገል ጊቤ ያልፋል። ከዚያ ወዲያ እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ የጀመረው፣ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግድብ አለ፤ ከዚያም ኦሞ፣ ከዚያም ቱርካና ሐይቅ። የባንካችን ኮምፒውተሮች ምናልባት ይህ ጨፌ ባጣራው ውሃ ይሠሩ ይሆናል። በባዶ መሬት ማለቴ ነው።

ማታ ደግሞ በስልኬ ከሳተላይት የተነሣውን ሥዕል ከፈትኩ። ከጅሬን አረንጓዴ ሆኖ የታየኝ ሜዳ ከሰማይ ሲታይ የተጣጣፈ ልብስ ነው። ቡናማ አራት ማዕዘኖች አሉበት፤ ለሸክላ ጡብ ጭቃ የሚቆፈርባቸው ጉድጓዶች ናቸው። ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ የተሰለፈው ባሕር ዛፍ ነው፤ ሥሩ ውሃውን እየመጠጠ መስኩን ያደርቀዋል። ጡብ ሠሪዎቹን ለመርገም አፌ አይከፈትም። ከጧት እስከ ማታ ጭቃ ውስጥ ቆመው የዕለት እንጀራቸውን የሚያወጡ ወጣቶች ናቸው፤ የተከራየሁት ቤት ግድግዳም ከዚያው ጭቃ የተሠራ ነው። ነገር ግን የመንገዴን መስመር ሳሰምር ቀጥ ብሎ አልሄድ አለኝ። አንዱን ጉድጓድ ዞሬ፣ ሁለተኛውን ዞሬ፣ ባሕር ዛፉን አልፌ ስደርስ፣ አክስቴ በአንድ ትንፋሽ ታቋርጠው የነበረው መስክ እጥፍ ሆኗል። ለጉልበቷ ይህ ይበዛል።

በሰሜን አሜሪካ ፈረስና ፈረሰኛ ይሰውር የነበረው ረጅም ሣር በማረሻ ተገልብጦ፣ ዛሬ የቀረው ከመቶው አራት እጅ እንኳ አይሞላም ይባላል። ለቀረችው ግን የእግር መንገድ አበጅተው፣ ካርታ አትመው፣ ልጆቻቸውን ይዘው ይሄዱባታል። እኔ የታተመ ካርታ የለኝም። ያለችኝ አክስቴ ናት፤ ስለዚህ ሁሉንም ደረሰኞች ይዤ ፊቷ ቁጭ አልኩና ዕቅዴን አነበብኩላት።

ንጋት ላይ እንነሣ ያልኩትን ወዲያው ሰረዘችው። ቦዬ ጉማሬ አለበት፤ ሌሊቱን ሣር ሲግጥ አድሮ ጎሕ ሲቀድ ወደ ውሃው ይመለሳል፣ በመንገዱ የቆመውን አይምርም። "ፀሐይ ጤዛውን ሳታደርቅ ማንም ከውሃው ዳር አይደርስም" አለች፤ ሁለት ሰዓት ተባለ። የገዛሁትን ቦት ጫማ በእጇ ዳሰሰችና ሳቀች። "ይሄ ጭቃ ውስጥ ከገባ አንተ ትወጣለህ፣ እሱ ይቀራል።" ኮንጎ ጫማና ረጅም በትር ብቻ። ስለ አልቅት ጨው አስያዘችኝ። የት እንደሚረገጥ ስጠይቃት ደግሞ መልሷ አጭር ነበር፦ "ከብት የረገጠውን እርገጥ። በጣም የለመለመውን፣ ማንም ያልነካውን፣ አንተም አትንካው፤ ከሥሩ ውሃ ነው።"

ከዚያ የጉድጓዶቹን ነገር ነገርኳት። ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ምን ያህሉ እንደ ታያት አላውቅም። ጣቷን ከመስተዋቱ አንሥታ አየር ላይ መንገድ አሰመረች። "እዚህ ምንጭ ነበር። እዚህ ሾላ ነበረ፣ ሸክማችንን አውርደን የምናርፍበት። ከሾላው ወዲያ ራሷ ላይ የወርቅ ላባ የደፋችው ረጅሟ ወፍ ከባሏ ጋር ትጨፍራለች።" ምንጩ ካለ ሾላው ድረስ ብቻ ሄደን እንመለስ፤ ምንጩ ከሌለ ግን ወደዚያ እንዳልወስዳት ለመነችኝ። እኔም ከእሑዱ በፊት በነበረው ቅዳሜ፣ ከሥራ መልስ፣ ቀድሜ ሄጄ ምንጩን እንዳይ ተስማማን። ዕቅዱ ውስጥ ያልነበረ ጉዞ ተጨመረ።

የመጨረሻው ደረሰኝ ላይ ያለው ይህ ነው፦ ውሃ፣ ቆሎ፣ ጃንጥላ፣ ጨው፣ ሁለት በትር፣ የዓይን ጠብታ በሰዓቱ። አክስቴ በቃሏ አንድ ነገር አስጨምራለች፤ ማጭድ። ለአንድ እቅፍ ቄጤማ ነው ትላለች፣ ለቡናችን። ስለቱን በጣቷ እየፈተሸች ራሷ ስላ አስቀምጣዋለች።