ወረፋ ወይስ ጨረታ?

የአሜሪካን የመኪና ገበያ ከሩቅ ለሚመለከት ሰው ነገሩ ሁሉ በገንዘብ ያለቀ ይመስላል። ያለው ይገዛል፣ የሌለው ያያል። በቁጥር ተወስነው የሚሠሩ፣ ጉልበታቸው የተራውን መኪና እጥፍ ድርብ የሆነ መኪኖች በሚሸጡበት ሰፈር ግን ገንዘብ መያዝ ብቻውን በር አያስከፍትም። በዚያ ሰፈር ኮታ አለ፤ ደጅ ጥናት አለ፤ የታማኝነት ምዘና አለ፤ አማላጅም አይጠፋም። ውድ አንባብያን፣ እነዚህን ቃላት ከሌላ ስፍራ የምታውቋቸው ከመሰላችሁ አልተሳሳታችሁም፤ የፖለቲካ ቃላት ናቸው። ስለ መኪና ጽፎ የማያውቀው ይህ ገጽ ዛሬ ስለ መኪና የሚያወራውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ጉዳዩን በቅርብ እንድመረምረው ያስገደደኝ የአክስቴ ልጅ ነው። ጋሼ እያልኩ ያደግሁት ይህ ሰው ዋሽንግተን ውስጥ፣ በአንድ ትልቅ የቢሮ ሕንፃ ሥር በሚገኝ የመኪና ማቆሚያ 22 ዓመት ሠርቷል። በመጀመሪያ መኪና አቋሚ ነበር፤ ኋላ ተቆጣጣሪ ሆነ። በእነዚህ ዓመታት መሪያቸውን የጨበጠው የስፖርት መኪኖች ብዛት ብዙ ባለጸጋ በሕልሙ ከሚያየው ይበልጣል፤ ሆኖም አንዱንም ከመግቢያው በር እስከ ማቆሚያው መስመር ካለው ርቀት አሳልፎ አልነዳም። ምድር ቤት ተቀምጦ የሚመጣውን መኪና በድምፁ ብቻ ይለያል። ሁለት ልጆቹን አስተምሮ ካስመረቀ በኋላ፣ «አሁን ደግሞ አንዷን በራሴ ቁልፍ ላስነሳ» አለ። የመረጣት መኪና በየዓመቱ በጥቂት ቁጥር የምትሠራ ናት። የፋብሪካውንም ሆነ የሻጩን ስም አልጠራም፤ የነገሩ ፍሬ ከስማቸው ላይ አይደለምና።

የጋሼን ታሪክ ከመቀጠሌ በፊት ግን አሠራሩን ማስረዳት ይገባኛል። በአሜሪካ፣ ከጥቂቶች በቀር፣ አዲስ መኪና ለደንበኛው የሚሸጠው ፋብሪካው አይደለም። የአብዛኞቹ ግዛቶች ሕግ ወኪል ሻጮች ያሉት ፋብሪካ ከራሱ ወኪሎች ጋር ተወዳድሮ በቀጥታ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ስለዚህ እዚህ ያለነው ሐበሾች «ዲለር» የምንለው ሻጭ ራሱን የቻለ ነጋዴ ነው። መኪናውን ከፋብሪካው ይገዛል፤ አብዛኛውን ጊዜም በብድር ገዝቶ፣ ወለድ እየቆጠረበት በግቢው ያቆመዋል። በመኪናው መስኮት ላይ የሚለጠፈው የዋጋ ወረቀት የመጣው የኦክላሆማው ሴናተር ማይክ ሞንሮኒ ባቀረቡትና እ.ኤ.አ. በ1958 በወጣው ሕግ ነው፤ ወረቀቱ እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ሕጉ ዋጋው እንዲነገር ያስገድዳል እንጂ በዚያው ዋጋ እንዲሸጥ አያስገድድም። በወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ፋብሪካው «በዚህ ብትሸጠው ይበጃል» ብሎ ያቀረበው ሐሳብ ብቻ ነው። ተራው መኪና ሲከማችበት ሻጩ ከዚያ ዝቅ ያደርጋል፤ ብርቅዬው ሲመጣለት ደግሞ ከጎኑ «የገበያ ማስተካከያ» የሚል ሁለተኛ ወረቀት ይለጥፋል።

ብርቅዬው መኪና ለሻጩ የሚደርሰው በምደባ ነው። የታወቀው ደንብ «ሸጠህ አግኝ» ልንለው የምንችለው ነው፤ ተራውን ሞዴል በብዛትና በፍጥነት የሸጠ የሚቀጥለው ድርሻ ያድግለታል። ትልቁ ሻጭ በዓመት በርካታ ሲደርሰው፣ የትንሿ ከተማ ሻጭ አንድ ያገኛል፤ ወይም ምንም አያገኝም። እንግዲህ ገዢ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው «ዋጋው ስንት ነው?» ብሎ ሳይሆን «ዘንድሮ ስንት ተመደበላችሁ? ከእኔ በፊትስ ስንት ሰው አለ?» ብሎ ነው።

ፋብሪካዎቹ በዚህ ጨዋታ ዝም ብለው አይመለከቱም። ሻጩ የሚጨምረው ገንዘብ ወደ እነርሱ ካዝና አይገባም፤ የደንበኛው ቁጣ ግን ይደርሳቸዋል። ዶጅ የ2018 ሞዴል ቻሌንጀር ዲመንን ሲያወጣ 3,300 ብቻ እንደሚሠራ አስታወቀ፤ 3,000ው ለአሜሪካ፣ 300ው ለካናዳ። የየሻጩ ድርሻ ቀደም ሲል በሸጠው የቻሌንጀር ብዛት ተሰላ። ብልሃቱ ያለው ከዚህ ቀጥሎ ነው፤ በመስኮት ዋጋ ወይም ከዚያ በታች የተሸጡት ትእዛዞች አስቀድመው እንዲሠሩ፣ ጭማሪ የተጠየቀባቸው ከኋላ እንዲሰለፉ ተደረገ። ፋብሪካው ዋጋውን ማዘዝ ቢያዳግተው ወረፋውን አዘዘ ማለት ነው።

ፎርድ በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ2016 ለአዲሱ ጂቲ መኪናው፣ ልክ እንደ ዩኒቨርሲቲ መግቢያ፣ የማመልከቻ ቅጽ አወጣ። ለመጀመሪያዎቹ 500 መኪኖች ከ6,500 በላይ ሰዎች አመለከቱ። የተመረጡትም ለሁለት ዓመት ላይሸጡ ፈረሙ። የትግል ስፖርተኛውና ተዋናዩ ጆን ሲና መኪናውን ተረክቦ ብዙም ሳይቆይ ቢሸጠው፣ ፎርድ እ.ኤ.አ. በ2017 ፍርድ ቤት አቆመው። በ2018 ይቅርታ ጠይቆ በስምምነት ተፈታ፤ የተከፈለውም ገንዘብ ለበጎ አድራጎት እንዲውል ተደረገ።

የፌራሪ ግን ከሁሉም ይረቃል። እ.ኤ.አ. በ1995 ያቀረበውን ኤፍ50 349 ብቻ ሠራ፤ ምክንያቱም ገበያው ይፈልጋል ተብሎ ከተገመተው ቁጥር በአንድ ያነሰ እንዲሆን ነው ተባለ። ያቺን የጎደለች አንዲት መኪና ልብ በሉልኝ። የ349ኙን ክብር የምትጠብቀው እርሷ ናት። እጥረት አንዳንድ ጊዜ የድህነት ውጤት አይደለም፤ ታስቦበት፣ ተለክቶ የሚመረት ዕቃ ነው።

ወደ ጋሼ ልመለስ። ከሁለት ዓመት በፊት ወደ አንድ ሻጭ ሄዶ 1,000 ዶላር ቀብድ አስያዘ። «ሦስተኛ ነህ» ተባለ። ቁጥሯን በትንሽ ወረቀት ጽፎ በቦርሳው አኖራት። በየሦስት ወሩ እየደወለ ይጠይቃል፤ እነርሱም በትህትና «ተራህ እየቀረበ ነው» ይሉታል። ባለፈው መኸር ተራው ደረሰ። መኪናዋ መጥታለች፤ ከመስኮት ዋጋዋ በላይ ግን 45,000 ዶላር ተጨምሮባታል። ለመወሰን የተሰጠው ጊዜ እስከ ቅዳሜ ማታ ነበር።

ሐሙስ ማታ ደወለልኝ። «ዶክተር፣ አንተ ፊደል ቆጥረሃል፤ ይቺን ወረቀት አንብብልኝ» አለ። አነበብኩለት። ቀብዱ ተመላሽ መሆኑ ተጽፏል። የመኪናው ዓይነት ተጽፏል። የዋጋው መስመር ግን ባዶ ነው። ጋሼ ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፣ በቤቱ ዋስትና ብድር ቢወስድ ወርኃዊ ክፍያው ስንት እንደሚሆን አስልቶ መጨረሱን ነገረኝ። ባለቤቱ ገና አልሰማችም። አንድ የ58 ዓመት ሰው፣ ጡረታው በደጅ ቆሞ፣ ሦስተኛ ነህ የተባለባትን ቁጥር ላለማጣት ሲል ቤቱን ሊያስይዝ ተዘጋጅቶ ነበር።

ቅዳሜ አብሬው ሄድኩ። ሥራ አስኪያጁ ጨዋ ሰው ነው፤ ክርክሩም እንዲያው የሚናቅ አልነበረም። «ያለችኝ አንዲት መኪና ናት፤ ፈላጊዋ ብዙ ነው» አለን። «በመስኮት ዋጋ ብሰጥህ፣ ወይ አንተ ወይ ከአንተ የሚገዛ ሌላ ሰው በሚቀጥለው ሳምንት በጨረታ ሸጦ ያን 45,000 ዶላር ይወስደዋል። ትርፉ መገኘቱ ካልቀረ፣ ወለዱን የከፈልኩት እኔ ስለምን ልጣው?» የእኛ ሰው «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ያለውን በእንግሊዝኛ የሰማሁ መሰለኝ።

ከምጣኔ ሀብት አንጻር ይህ ክርክር ውኃ ያነሣል። ጥቂትን ነገር ለብዙ ፈላጊ ለማከፋፈል የሰው ልጅ ያገኛቸው መንገዶች የታወቁ ናቸው፤ ዋጋ፣ ወረፋ፣ ዕጣ፣ ወይም ዝምድና። እያንዳንዱ የራሱ ጉድለት አለው። ዋጋ ለባለጸጋ ያደላል፤ ወረፋ ጊዜ ላለው፤ ዕጣ ለዕድለኛ፤ ዝምድና ለታወቀ ሰው። እኔ በልጅነቴ የቀበሌ ኅብረት ሱቅ ወረፋ ላይ ከቆሙት የመጨረሻዎቹ መካከል ነኝ። ስኳሩ ሳይደርሰን ያለቀበትን ቀን፣ ባለ ሱቁም በጓሮ በር ለሚያውቃቸው ሲያወጣ ያየሁበትን ቀን አልረሳም። ስለዚህ ወረፋ በራሱ ፍትሕ ነው ብዬ የምሰብክ ሰው አይደለሁም። ሻጩ ገና በመጀመሪያው ቀን «ይህ ጨረታ ነው፤ አብልጦ የከፈለ ይወስዳል» ብሎ ቢሆን ኖሮ፣ ጋሼ ቀብዱን ሳያስይዝ ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር፤ እኔም የምጽፈው አይኖረኝም ነበር።

በደሉ ያለው ከሌላ ስፍራ ነው። ለጋሼ የተሰጠው ቁጥር ነው። ቁጥር ማለት ቃል ኪዳን ነው፤ «ትዕግሥትህ ይቆጠርልሃል» ማለት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በወረፋ ደንብ አስቆሙት፤ ከመስኮቱ ሲደርስ ደንቡ ወደ ጨረታ ተለወጠ። ያ ሁለት ዓመት በከንቱ አልጠፋም፤ ለሻጩ ጥቅም ውሏል። ብዙ የጠበቀ ሰው ትቶ መሄድ ይከብደዋልና፣ ከመንገድ ከገባ እንግዳ ይልቅ እርሱ አብልጦ ይከፍላል። ወረፋው የጨረታው ማሟሟቂያ ነበር ማለት ነው።

መንግሥትስ ምን ይላል? የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 መኪና ሻጮች በዋጋ ረገድ ደንበኛን እንዳያሳስቱ የሚያስገድድ ደንብ አወጣ። ደንቡ ጭማሪን አልከለከለም፤ ዋጋው አስቀድሞ በግልጽ ይነገር ነው ያለው። ይህም እንኳ ሥራ ላይ ሳይውል፣ ኮሚሽኑ ደንብ የማውጣቱን ሥርዓት አልጠበቀም በሚል በጥር 2025 በይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ተሻረ። የቀረው እንግዲህ የገዢው ንቃትና ባዶውን መስመር «ሙሉልኝ» የማለት ድፍረት ነው።

ጋሼ መኪናዋን አልወሰደም። አንድ ጊዜ ዞሯት፣ በመስኮቱ ውስጥ መሪዋን አየ፤ ከዚያም ቀብዱን ጠየቀ። ሥራ አስኪያጁ ሳያንገራግር መለሰለት። ከዚያ በኋላ በየትናንሽ ከተማው ላሉ ሻጮች ይደውል ጀመር። ጥያቄዎቹን አብረን ጻፍናቸው፤ ስንት ተመደበላችሁ? ስንተኛ ነኝ? ጭማሪ ትጠይቃላችሁ? ዋጋውን ከቁጥሬ ጋር በጽሑፍ ትሰጡኛላችሁ? ዘጠኙ ለመጨረሻው ጥያቄ መልስ አልነበራቸውም። አሥረኛው፣ በዓመት አንዲት ብቻ የምትደርሰው ሻጭ፣ «በመስኮት ዋጋ» ብሎ ፈርሞ ላከለት። ጋሼ አሁን አራተኛ ነው። በዓመት አንዲት ስትሆን አራተኛ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሒሳቡን እናንተው ሥሩት። እርሱ ግን «ይሄኛው ቁጥር ቁጥር ነው» ይላል።

አንድ ማኅበረሰብ ድሃም ይሁን ሀብታም፣ የሚጎድለው ነገር አያጣም፤ ለአንዱ ስኳር ነው፣ ለሌላው ቤት፣ ለሌላው የውጭ ምንዛሪ፣ ለሌላው ደግሞ 800 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር። ማኅበረሰቡ የሚመዘነው በጎደለው ነገር አይደለም፤ ሲያከፋፍል በምን ደንብ እንደሚያከፋፍል ገና ከመጀመሪያው ተናግሮ፣ ተራው የደረሰ ሰው ከመስኮቱ ሲቆም ያንኑ ደንብ ደግሞ በመናገሩ ነው። ገበያ ከሆነ ጨረታ ይባል፤ ወረፋ ከሆነም ወረፋው ይከበር።

ቸር እንሰንብት።