ቆሎው ውስጥ ለውዝ አለ?

አማርኛችን ለምግብ አለርጂ የሚበቃ ቃል የለውም። ያለን «አይስማማኝም» ነው። ሽሮ የሚያቃጥለውም፣ ወተት ሆዱን የሚነፋውም፣ ጎመን የማይወደውም እኩል «አይስማማኝም» ይላል። ስለ ለውዝ እንዲህ ስል የምሰማው መልስ ያው ነበር፦ «ትንሽ ብትቀምሺ ምን ይልሻል?» አሁን «ይገድለኛል» እላለሁ። ቡና ላይ የሚባል ቃል አይደለም፤ ግን ይሰማል።

ለውዝ እኛ ዘንድ የማይገባበት የለም። የቡና ቁርሱ ቆሎ ውስጥ ከሱፉና ከሽምብራው ጋር ይደባለቃል። ፆም ሲገባ ካፌው ሁሉ የለውዝ ሻይ ነው። ሁዳዴ ለእኔ 55 ቀን ፆም ብቻ ሳይሆን 55 ቀን ጥበቃም ነው። «ለውዙን ለቅመሽ አውጪውና ብዪ» ይሉኛል፣ በደግነት። አይሆንም። ብናኙ ገብሱ ላይ ቀርቷል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ጉርሻ ነው። ጉርሻ አይመለስማ! የሚያጎርሰኝ እጅ ምን እንደያዘ መጠየቅ ፍቅርን መመርመር ይመስላል። አንድ ሁዳዴ ዘመድ ቤት የሱፍ ፍትፍት ጎረስኩ። ሱፉ አልበቃ ብሎ ለውዝ ተጨምሮበት ኖሯል። ደቂቃም አልቆየ፤ ከንፈሬ አበጠ፣ ገላዬን ሽፍታ ወረሰው፣ ድምፄ ተዘጋ። አንዷ «ዓይን ነው» አለች። ሌላዋ፣ በሁዳዴ እንኳ፣ መርዝ ያረክሳል ብላ ወተት አመጣች። ጉሮሮዬ እየጠበበ! የቤቱ ልጅ ባጃጅ ጠርቶ ጤና ጣቢያ ባያደርሰኝ፣ ነርሷም ጭኔ ላይ አድሬናሊን ባትወጋኝ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

የአለርጂ ክኒን ማሳከኩን ያስታግሳል እንጂ የተዘጋ ጉሮሮ አይከፍትም። የሚቀድመው አድሬናሊን ነው። ሰውየውን እያራመዱ አየር ማስወሰድም አደጋ አለው፤ ይጋደም፣ መተንፈስ ካቃተው ይቀመጥ። ተሽሎት ቢስቅ እንኳ ሐኪም ቤት ይሂድ፤ ከሰዓታት በኋላ ሊመለስበት ይችላል።

አሁን እስክሪብቶ የሚመስለውን መርፌ የአክስቴ ልጅ ከዋሽንግተን ትልክልኛለች። እዚያ የታሸገ ምግብ ጀርባው ላይ ይናገራል፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ ሰሊጥም እንደ ለውዝ የግድ እንዲጻፍ በሕግ ከታዘዙት ውስጥ ዘጠነኛው ሆኗል። ወጥ ግን ጀርባ የለውም። የእኛ ጽሑፍ ወጡን የሠራችው ሴት ናት። ስለዚህ ሳልጠይቃት ቀድማ «ይሄ ለውዝ አለበት» የምትለኝን ሴት ያህል የምወደው ሰው የለም። ጎረቤቴ እንዲህ ናቸው። ለእኔ ብለው ለውዝ የሌለበት ቆሎ ለብቻው ያስቆላሉ፤ በሌላ ምጣድ።

መርፌው ጊዜው ሲያልፍ አልጥለውም፤ ብርቱካን ላይ እየወጋን እንለማመዳለን። ባለፈው ተራው የእሳቸው ነበር። መነጽራቸውን አጥልቀው፣ ብርቱካኑን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑት።

«በልብስ ላይም ይወጋል ልጄ?»

«ይወጋል እማማ። በጂንስም ቢሆን።»