መሪ የሌለው ማጨጃ

መሪ የለውም! ይህን ስንቴ ባወራው አልጠግብም። ወንበሩ ላይ ቁጭ ሲሉ ከግራና ከቀኝ ሁለት እጀታዎች ጭን ላይ ይመጣሉ፤ የሚያዘው በእነሱ ብቻ ነው። ሁለቱንም ወደ ፊት ሲገፏቸው ይሄዳል፣ ወደ ኋላ ሲስቧቸው ያፈገፍጋል። አንዱን ገፍተው ሌላውን ከሳቡ ደግሞ እዚያው በቆመበት ክብ ይዞራል። ዜሮ ተርን የሚሉት ለዚህ ነው። ከገዛሁት ወዲህ ቨርጂኒያ ውስጥ ያለችው ሁለት ኤከር ግቢያችን ሳሯ ቶሎ አላድግ አለኝ።

እኔ ሣር ሲታጨድ ያየሁት ሱሉልታ ነው። ክረምቱ ወጥቶ፣ ጥቅምት ላይ መሬቱ ጠንከር ሲል የድርቆሽ አጨዳ ይጀመራል። አጫጆቹ ተሰልፈው ጎንበስ ይላሉ። ግራ እጅ ሣሩን ጭብጥ ያደርጋል፣ ቀኝ እጅ ማጭዱን ከሥር ይስባል። አንዱ ዘፈን ያወጣል፣ ሌሎቹ ሆ ብለው ይቀበሉታል፣ ኦሮምኛውና አማርኛው ይቀላቀላል። እኛ ልጆቹ ውሃ እናቀብላለን፣ የታጨደውን እየሰበሰብን እንከምራለን፣ ክምሩ ላይም ዘለን እንወጣለን። የአጎቴ ማጭድ እጀታው ከመዳፋቸው ጋር ተላምዶ ጣቶቻቸው ያረፉበት ቦታ ጎድጉዶ ነበር። በድንጋይ ሲስሉት የሚሰማው ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። ያ ትኩስ የታጨደ ሣር ሽታማ አገርም ባሕርም አልለወጠውም፤ ቨርጂኒያም ያው ነው።

አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ መጀመሪያ እየተገፋ የሚያጭደውን፣ ቀጥሎም መሪ ያለውን ትንሽ ትራክተር ነዳሁ። ትራክተሩ ለሜዳው ደህና ነበር። ዛፍ ሥር ሲደርስ ግን ለመዞር ሰፊ ቦታ ይፈልጋል፤ በየዛፉ ዙሪያ ያልታጨደ ቀለበት ትቶ ያልፋል። እሱን በትሪመር እየዞሩ ማጽዳት የቅዳሜን ግማሽ ይበላል።

አዲሱ ምስጢሩን የያዘው የኋላ ጎማዎቹ ላይ ነው። እያንዳንዱ ጎማ በዘይት ግፊት የሚዞርበት የራሱ ፓምፕና የራሱ ሞተር አለው፤ አንዱ እጀታ የአንዱ ጎማ ጌታ ነው። የፊቶቹ ምንም አይመሩም፤ እንደ ሱፐርማርኬት ጋሪ ጎማ የኋላዎቹ ወደወሰዷቸው ይከተላሉ። ሣር ማጨጃ መኪናን የፈለሰፈው እንግሊዛዊው ኤድዊን ባዲንግ እ.ኤ.አ. በ1830 ሐሳቡን ያገኘው የሱፍ ጨርቅ ፀጉር ከሚከረክም የፋብሪካ መሣሪያ ነበር። በራሱ ዙሪያ ከሚሽከረከረው ዓይነት ግን ከመጀመሪያዎቹ አንዱን እ.ኤ.አ. በ1964 የሠራው ጆን ሪጊር የሚባል የካንሳስ ሰው ነው። የስንዴ አገር ሰው ስለ አጨዳ ቢጨነቅ አይገርምም፤ እጁን ይባርከው!

መጀመሪያ ቢላዎቹን ሳላስነሳ ባዶ ሜዳ ላይ ተለማመድኩ። እጅ ቶሎ ይማራል፤ ጣት የምታህል እንቅስቃሴ ትበቃዋለች። ከዚያ ቁልፉን ወደ ላይ ሳብኩ፣ ቢላዎቹ ተነሡ፣ ጉዞ ሆነ። በአንድ ማለፍ 54 ኢንች ያጭዳል፤ አንድ ሜትር ከሠላሳ ሰባት ሳንቲሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ኮክ ዛፏ ጋ ስደርስ ቀኙን ለቀቅ፣ ግራውን ገፋ አደረግኩና ግንዷን ዙሪያዋን ላስኳት። አንዲት ዘለላ አልቀረችም! ጮኬ ነበር፤ ሞተሩ ባይውጠው ሰፈሩ በሰማኝ።

የማከብረው ጠባይም አለው። ቢላዎቹ እየዞሩ ሰው ከወንበሩ ከተነሣ ራሱ ይጠፋል። አንዱን ጎማ አቁሞ በሌላው መዞር ሣሩን ከሥሩ ይነቅለዋል፤ ስለዚህ መታጠፊያ ላይ ሁለቱም ጎማዎች መንቀሳቀስ አለባቸው። ተዳፋት ላይ ደግሞ ቀልድ የለም። የፊት ጎማ ስለማይመራ የኋላዎቹ እርጥብ ሣር ላይ ከተንሸራተቱ የሚይዘው የለም፤ አምራቾቹም ከ15 ዲግሪ በላይ አትውጡ ይላሉ። ወንዙ ዳር ያለውን ቁልቁለት ለዚያ ለምገፋው ትቼዋለሁ፣ ጤዛ ሳይደርቅም አልነካውም።

ለአጎቴ በቪዲዮ አሳየኋቸው። ሱሉልታ ደጃፋቸው ላይ ጋቢ ለብሰው ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

«መሪው የታለ?»

«የለውም ጋሼ።»

«ታዲያ በምን ታዞረዋለህ?»

«በሁለት እጄ። ግራው የራሱ ሥራ አለው፣ ቀኙም የራሱ።»

ትንሽ አሰቡና፣ «እንደ ማጭድ በለኛ!» አሉ።

ልክ ናቸው! ትራክተሩ ላይ ሁለቱም እጆቼ አንድ መሪ ይዘው ይቀመጡ ነበር። አሁን ግን እንደ አጫጅ እጅ አንዱ ሌላውን እያዳመጠ ይሠራል። ይህን ያህል የወደድኩት ለዚህ ይመስለኛል። አጎቴ ቀጥለው ድርቆሹን ማን እንደሚበላው ጠየቁ። ተፈጭቶ እዚያው ለመሬቱ ማዳበሪያ እንደሚሆን ነገርኳቸው። «ይህን ሁሉ?» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ላም ያሳደገ ሰው ሐዘን ስለሆነ እኔም አብሬ አዘንኩ።

ባለቤቴ ይህን ሁሉ በረንዳው ላይ ሆና ስታይ ቆይታ «ውረድ እስቲ» አለችኝ። እጀታዎቹን አሳየኋት። ቀስ ብላ ጀመረች፣ አጥሩ ጋ ደርሳ እዚያው ዞረች፣ ስትመለስ ፈጥና መጣች። ነጠላዋን ወርውራልኝ፣ በሞተሩ ድምፅ ላይ እየጮኸች፣ «የፊቱ ግቢ ከዛሬ ጀምሮ የኔ ነው!» ብላኝ አለፈች።