ጫሞ ላይ መሪው እምቢ ሲል

አርባ ምንጭ ደርሶ ጫሞ ላይ ጀልባ ሳይሳፈር የተመለሰ፣ ሄጃለሁ ባይል ይሻለዋል። እኛም ቅዳሜ ጠዋት፣ ኩልፎ ወንዝ ሐይቁን ወደሚቀላቀልበት "አዞ ገበያ" አቀናን። ጀልባዋ አሮጌ ናት፤ ሞተሯ ከኋላ የሚንጠለጠለው ዓይነት። አዞዎቹን አይተን ስንመለስ ከፊታችን ጉማሬ ብቅ! ባለጀልባው መሪውን ቢጠመዝዝ ወይ ፍንክች! ደግነቱ ቶሎ ብሎ የኋላ ማርሽ አስገባና አራቀን። ከዚያ ለሁለት መሪውን እየታገልን በስንት መከራ ዳር ወጣን።

ዳር ላይ ያደረገውን ልንገራችሁ። የመሪውን ካቦ ከሞተሩ ፈታና ሞተሩን በእጁ ግራና ቀኝ ገፋው። እሺ ብሎ ዞረ። ሞተሩ ራሱ ቢከብድ ኖሮ መዞሪያው ግራሶ ጠምቶታል ማለት ነበር። ለካስ የካቦው ዘንግ በሚያልፍበት ቱቦ ውስጥ ዝገትና የደረቀ ግራሶ ተጋግሯል! ዘንጉን አውጥቶ ጠረገው፣ ቱቦውን ወለወለ፣ አዲስ ግራሶ ቀባ። ካቦው ተፈትቶም መሪው ከከበደ ግን ውስጡ ዝጓልና መቀየር ነው እንጂ ዘይት ማንቆርቆር ከንቱ ልፋት ነው።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የከበደው?" አልኩት።

"ሳምንት ሆነው" አለኝ አቀርቅሮ።

ሳምንት! እናንተዬ፣ ልቆጣው አልኩና ተውኩት። ከሰዓትም የተሳፈርነው እሱው ጋ ነው፤ መሪውን መጀመሪያ እኔው አዙሬ ካየሁ በኋላ።