በእጃችን የሰፋነው ደብተር

ደርግ ሲወድቅ፣ በ1983 ዓ.ም.፣ ገና ፊደል እንቆጥር የነበርን፣ ከዚያም በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ በየአጥቢያው ሰንበት ትምህርት ቤት የተሰበሰብን ልጆች አንድ የጋራ ሙያ አለን፤ ደብተር መስፋት እንችላለን። የቆርቆሮው አዳራሽ እስከ በሩ በልጅ ይሞላ ነበር፤ ለዚያ ሁሉ ልጅ የሚዳረስ የታተመ መማሪያ ግን አልነበረም። መምህሩ ከቅዳሴ በኋላ ቆሞ ያስጽፋል፣ እኛ እንጽፋለን። ወላጅ ለመስከረም የገዛው ደብተር የቀለም ትምህርት ነው፤ ከዚያ ላይ ገጽ ገንጥሎ መዝሙር የጻፈ ልጅ ቤት ሲገባ ይጠየቅበታል።

ስለዚህ ሥራው ሰኔ ላይ ይጀመራል። ፈተና አልፎ ካርድ ከተሰጠ በኋላ እያንዳንዳችን የዓመቱን ደብተሮች ተሸክመን እንመጣለን። ባለ 50 ሉክ ደብተር ተጽፎ አልቆ አያውቅም፤ ከኋላው ሁልጊዜ ንጹሕ ወረቀት ይተርፋል። ሽቦውን በቢላዋ ጫፍ አቃንተን ያልተጻፈበትን ሉክ እናወጣለን። አንዱ ባለ መስመር ነው፣ አንዱ ባለ ካሬ፣ አንዱ ጠርዙ ቢጫ ያወጣ። ምንም ያላመጣ ልጅም እኩል ይደርሰዋል፤ ወረቀቱ ከተከመረ በኋላ የማን እንደሆነ ስለማይታወቅ የቸገረው ልጅ አንገቱን አይደፋም ነበር። ይህን ያሰበልን ሰው ማን እንደሆነ ባላውቅም እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

አሥር አሥር ሉክ አጥፈን በወስፌ እንበሳለን። ክሩን በጧፍ ቁራጭ እናሸዋለን፤ ሰሙ ያጠነክረዋል፣ በቀዳዳውም ቶሎ ያሳልፈዋል። ለሽፋኑ ካርቶን፣ በላዩ የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ወይም ዘመኑ ያለፈ የግድግዳ ካላንደር። ማጣበቂያው እሳት ላይ የተማሰለ የፉርኖ ዱቄት ነው። አይጥ ይወደው ስለነበር ደብተሩ ማታ ከፍ ያለ ቦታ ይሰቀላል።

ስፌቱን ያሳዩን በዕድሜ የገፉ የድጓ መምህር ነበሩ፤ በወጣትነታቸው ብራና ደጉሰዋል። ብራናው በየጥራዙ ታጥፎ፣ ጥራዙ ከጥራዝ ተሰፍቶ፣ በእንጨት ገበታ መካከል እንደሚገባ የነገሩን እሳቸው ናቸው። አጠገባችን ተቀምጠው፣ «ክሩን አታክርሩት ልጆቼ፣ ሲገለጥ ወረቀቱን ይቆርጠዋል» ይሉናል። «እሺ የኔታ» ብለን እናላላለን፤ ከዚያ ደግሞ በጣም ላላ ብለው ይመልሱናል። የቅዱሳን ስም በቀይ የሚጻፍበትን የብራና ሥርዓትም ከእሳቸው ወሰድን። ቀይ እስክሪብቶ ግን ለክፍሉ አንድ ወይም ሁለት ቢገኝ ነው። መምህሩ ሲያስጽፍ የእመቤታችን ስም ላይ ሲደርስ እስክሪብቶው ከእጅ ወደ እጅ እስኪዞር ዝም ብሎ ይጠብቃል። አንዳንዱ ቦታውን ክፍት ትቶ ያልፍና በሳምንቱ ይሞላዋል። በእኔ ደብተር ዛሬም ሳይሞሉ የቀሩ ክፍት ቦታዎች አሉ።

ውስጡ የተጻፈው በየአጥቢያው ተቀራራቢ ነበር፦ ሥላሴ፣ ሥጋዌ፣ ጥምቀት፣ ቁርባን፣ ትንሣኤ ሙታን ተብለው የሚቆጠሩት አምስቱ አዕማደ ምሥጢር፣ ሰባቱ አጽዋማት፣ የነቢያትና የሐዋርያት ታሪክ። ባለ ካሬው ወረቀት ለባሕረ ሐሳብ ይቀመጥ ነበር፤ ቁጥሩ ቀጥ ብሎ ይሰለፍበታል። 1990 ዓ.ም. ሲገባ የሠራነው አሁንም ይነበባል። 5500 ላይ 1990 ሲጨመር 7490፤ ለ19 ሲካፈል 4 ይተርፋል፤ ከእሱ አንድ ሲነሣ ወንበር 3 ይሆናል። ወንበር በ11 ሲባዛ 33፣ 30ው ሲገደፍ አበቅቴ 3። ወንበር በ19 ሲባዛ 57፣ 30ው ሲገደፍ መጥቅዕ 27። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 ካልሆኑ ስሌቱ ተሳስቷል፤ ስለዚህ ማንም ሳያርመን ራሳችንን እናርም ነበር። በቀለም ትምህርት ቤት ማካፈል የሚያስፈራው ልጅ እዚህ ጾመ ነነዌ የሚገባበትን ቀን ያወጣል።

መዝሙሩ ለብቻው በትንሽ ደብተር ይጻፋል፤ ጥምቀት ወደ ጃን ሜዳ ሲወረድ ኪስ ውስጥ እንዲገባ። ካሴት ማጫወቻ ያለው ቤት ጥቂት ስለነበር አዲስ መዝሙር የሚሰራጨው በመዋዋስ ነው። ደብተሩን የከለከለ ልጅ በጣም ይወቀስ ነበር። መዋዋሱ ግን ጉዳትም ነበረው። አንዱ ፊደል ስቶ የገለበጠው ወደ ሃያው ደብተር ስሕተቱን ይዞ ይሻገራል፤ የሁለት አጥቢያ ልጆች አንድ ላይ ሲዘምሩ ቃሉ ይለያያል፣ ሁለቱም ደብተራቸውን አውጥተው ይሟገታሉ። ናፍቆት ስላለብን ብቻ ይህን መልካም ነበር አልልም። የትምህርት ክፍሉ ደብተር ሰብስቦ በሚያርምበት አጥቢያ ያደጉ ልጆች ከእኛ የተሻለ ያውቁ ነበር።

ዛሬ ሰማንያ አንዱ መጽሐፍ በልጆቼ ስልክ ላይ አለ። መዝሙሩ ከነዜማው ይላክላቸዋል። ደስ ይለኛል፤ እኛ ያጣነውን አግኝተዋል። ግን የእኛ እጅ ያለፈበት ነገር እየጠፋ መሆኑ ያንገበግበኛል። ከመካከላችን ወደ ቤሩት፣ ወደ ጅዳ፣ ወደ ዋሽንግተን የሄዱት ያን ትንሽ የመዝሙር ደብተር በሻንጣ ይዘው ሄደዋል። እዚህ የቀረው ግን ቤት ሲፈርስ፣ ሰፈር ሲነሣ፣ አሮጌ ወረቀት ተብሎ ለሱቅ መጠቅለያ በኪሎ ይሸጣል። አብያተ ክርስቲያናችን የአባቶችን ብራና በዕቃ ቤት ይጠብቃሉ፤ አንድ ትውልድ የተማረበትን ደብተር ግን የሚጠብቅ ክፍል እስካሁን አላየሁም።

በእናታችሁ ቤት ሣጥን ውስጥ እንዲህ ያለ ደብተር ካላችሁ ለአጥቢያችሁ ሰንበት ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ስጡ። መስጠት ካልሆነላችሁ በስልካችሁ ገጽ በገጽ አንሡት። ከመጀመሪያው ገጽ ጥግም የአጥቢያውን ስም፣ ዓመተ ምሕረቱንና ያስጻፏችሁን መምህር ስም በእርሳስ ጻፉበት፤ ብዙዎቹ ደብተሮች ይህን አልያዙም።