ዝቅ ብለው፣ ቀስ ብለው

ሎስ አንጀለስ ሄዶ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ እንጀራ ሳይቀምስ የሚመለስ ሐበሻ ጥቂት ነው። ምግብ ቤቶቻችንና ሱቆቻችን የተደረደሩበት ይህ ሰፈር ከ2002 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) «ትንሿ ኢትዮጵያ» የሚል ይፋዊ ስም አለው። ከምሳ በኋላ እግራችሁን ማፍታታት ከፈለጋችሁ በዚያው ጎዳና ወደ ሰሜን ያዙ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላችሁ በብረት ጥብጣብ የተጠመጠመ የሚመስል ቀይ ሕንፃ ታገኛላችሁ፤ ፒተርሰን የመኪና ሙዚየም ነው። ልጅ የያዘ ሰው አያልፈውም። እኛም አላለፍነውም።

እኔ መኪና ማለት ከቤት ሥራ የሚያደርስ፣ ቢበዛ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚታጠብ ዕቃ ነው ብዬ የማምን ሰው ነኝ። ስለዚህ ይህ ሙዚየም ከአንዴም በላይ ዐውደ ርዕይ ያዘጋጀላቸውን «ሎውራይደር» የሚባሉ መኪኖች ገና ሳውቃቸው «የገንዘብ ጥጋብ!» አልኩ። ተሳስቼ ነበር። የጀመሯቸው ሀብታሞች አልነበሩም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሌላው ወጣት መኪናውን ለፍጥነት ሲያዘጋጅ፣ የምሥራቅ ሎስ አንጀለስ የሜክሲኮ ተወላጆች አሮጌ ሼቭሮሌት እየገዙ ወደ መሬት ማውረድ ያዙ። ሞላውን ይቆርጣሉ፤ ያ ካልሆነ የኋላ ኮፈን ውስጥ የአሸዋ ጆንያ ይጭናሉ። ቁም ነገሩ መፍጠን ሳይሆን መታየት ነው፤ ዝቅ ብሎ፣ ቀስ ብሎ። ካሊፎርኒያ ግን ከ1958 ጀምሮ የትኛውም የመኪና አካል ከቸርኬው ጠርዝ በታች እንዳይወርድ በሕግ ከለከለች። በዓመቱ ሮን አጊሬ የተባለ ወጣት ኮርቬት መኪናው ላይ የአውሮፕላን ሃይድሮሊክ ገጠመ። ፖሊስ ሲመጣ መኪናው ከፍ ይላል፤ ፖሊስ ሲያልፍ ተመልሶ ይተኛል። ዛሬ በቪዲዮ እንደ ፍየል ሲዘሉ የምናያቸው መኪኖች የዚያ ብልሃት ልጆች ናቸው።

ቀለሙ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ከሥር ብርማ ወይም ወርቃማ ይቀባል፤ በላዩ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀለም ደጋግሞ ይነባበራል፤ ይሞረዳል፤ እንደገና ይቀባል። ከሁሉ የታወቀችው «ጂፕሲ ሮዝ» የ1964 ሼቭሮሌት ኢምፓላ ናት፤ ሐምራዊ ሮዝ አካሏ ላይ ጽጌረዳ በእጅ ተሥሎባታል። ውስጧ ከፋይ ለብሷል፤ የሚንጠለጠል ቻንደሊየርና ትንሽ ባርም አላት። (አዎ፣ መኪና ውስጥ!) ባለቤቷ ጄሲ ቫላዴዝ መጀመሪያ የሠራውን የ1963 ኢምፓላ ተቀናቃኞች በጡብ ደብድበው አበላሽተውበት ነበር። እሱም ሌላ ገዝቶ ከመጀመሪያው አስበልጦ ሠራት። እሱ በ2011 አረፈ፤ እሷ በ2017 በአገር አቀፍ የታሪካዊ ተሽከርካሪዎች መዝገብ ገብታ ዋሽንግተን አደባባይ ላይ በመስታወት ቤት ለሕዝብ ታየች።

ልቤን የያዘው ግን የሌላ ቤተሰብ ታሪክ ነው። ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ቺማዮ የምትባል መንደር አለች፤ ምእመናን ከቤተ ክርስቲያኗ አፈር እየዘገኑ የሚሄዱባት፣ እኛ እምነት ይዘን እንደምንመለሰው ማለት ነው። የመንደሯ ልጅ ዴቪድ ሃራሚዮ የ1969 ፎርድ መኪናውን ቀይ አድርጎ ለማስዋብ ሲደክም ቆይቶ በ1978 በመኪና አደጋ ሞተ። ሥራው አላለቀም ነበር። ባለቤቱ አይሪን ከዘመዶቹ ጋር ሆና ጨረሰችው። ስሚዝሶኒያን በ1990 ገዝቶ «ዴቭስ ድሪም» በሚል ስም በስብስቡ ውስጥ ያዘው። መኪና ገዳዩ የሆነ ሰው መታሰቢያው መኪና ሲሆን ምን ይባላል? ሴትዮዋ ጋራዥ ውስጥ ቆማ የወንበሩን ከፋይ ስትመርጥ አስባታለሁ።

ፖሊስ ለረጅም ጊዜ እነዚህን ሰዎች በወሮበላ ዓይን ሲያይ ኖሯል። ዋናው መናፈሻቸው ዊቲየር ጎዳና በ1979 ተዘጋባቸው፤ ብዙ ከተሞችም በመኪና ቀስ ብሎ መመላለስን ከለከሉ። ያ ሁሉ፣ የ1958ቱ ክልከላ ጭምር፣ በግዛቲቱ አዲስ ሕግ የተሻረው በ2024 መጀመሪያ ነው።

እሑድ ከሰዓት ወደዚያ ጎዳና ሄድን። ጢማቸው የሸበተ አባት ሰማያዊ መኪናቸውን ጥግ አስይዘው ቸርኬውን በጨርቅ ያብሳሉ፤ የልጅ ልጃቸውም የራሷ ጨርቅ አላት። ልጄ ዓይኑን ቢተክል ጊዜ የኋላ ኮፈኑን ከፈቱለት። ውስጡ ባትሪ በባትሪ ነው፤ የኢንች ቦታ የለም።

«ዕቃስ የት ትጭናላችሁ?» አልኳቸው፤ የቤት ሰው ጥያቄ።

«ሚስቴ በሌላ መኪና ትከተለናለች» አሉ እየሳቁ።

ቀጥለው ልጄን ጠርተው ማብሪያ ማጥፊያውን አሳዩት። ሲጫነው የፊቱ ጎን በቀስታ ተነሣ። ትንሿ ልጅ ጨርቋን እንደያዘች «አያቴ፣ የኔ ተራ ነበር!» አለች።